ያልተቀባው ቡሎን

መንገደኞች መኪናዋን እየገፉ ወደ ጋራዡ ሲያስገቡላት፣ ሾፌሯ መሪውን እንደያዘች በሆዷ አንድ ነገር ብቻ ትል ነበር፦ እንኳን እዚህ ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን እንኳን ነፍሴ ተረፈች ይላል። እሷ እንኳን እዚህ ሆነ አለች። ፍቅር እንዲህ ያጃጅላል።

ፍሬኑ የከዳት ከጋራዡ በላይ ያለው ቁልቁለት ላይ ነው። የሰርቪስ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ እናቷን ከጎኗ አስቀምጣ ስትወርድ ከፊት ጎማ በኩል የሆነ ነገር ቋ አለ። ከዚያ ቋቋቋ አለ። ፔዳሉን ስትረግጠው ጭቃ የረገጠች ይመስል ዝም ብሎ ወደ ታች ሰመጠ። የእጅ ፍሬኑን ሳበች። መኪናዋ ወዲያ ወዲህ ተንገዳግዳ፣ ሰው ቤት ሊሠራበት ካስገለበጠው የአሸዋ ክምር ውስጥ አፍንጫዋን ቀበረች። የእናቷ እጅ ዳሽቦርዱን መታ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እናቷ አንጓዋን በሻርፕ ጠቅልላ ፊቷን አኮሳትራለች።

"አባትሽ ይህችን መኪና ዕድሜ ልኩን ሲነዳት አንድ ቀን አሸዋ ውስጥ ከትቶኝ አያውቅም።"

"እጅሽን አታንቀሳቅሺው እማዬ።"

"እጄን ተዪው። ፍሬኑን በቀደም አስቀየርኩ አላልሽኝም?"

"አስቀይሬያለሁ።"

"እና ማን ጋ ነው ያስቀየርሽው? ልብስ ሰፊ ጋ?"

ሾፌሯ ፈገግ አለች። አሸዋው ገና ከፀጉሯ አልረገፈም፣ ፈገግ አለች።

"አሁን ታዪዋለሽ" አለች።

በሐሳቧ ሁሉንም ጨርሳዋለች። ያ የምትወደው መካኒክ መኪናዋን ሲያይ ቁልፉን ከእጁ ጥሎ ይሮጣል። ከመኪናዋ በፊት እሷን ያያል። "ደህና ነሽ ሾፌሬ?" ይላል፣ በሰው ሁሉ ፊት። የሱ እናት ይሰማሉ፣ የሷ እናት ትሰማለች፣ የተደበቀው ነገር በአንድ አፍ ይወጣና ይገላገላሉ። አሸዋው ራሱ ሊያጋባት የተገለበጠ መሰላት።

* * *

የጋራዡ በር ላይ በትልቁ የተጻፈ ነገር አለ፦ "ደንበኛ ገዝቶ ያመጣውን ዕቃ አንገጥምም።"

ያጻፉት ባለጋራዧ ናቸው። ሠራተኞቹ ከጀርባቸው "ቀይ መብራት" ይሏቸዋል። ብቅ ሲሉ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላላ! መለዋወጫው የሚመጣው እሳቸው ከሚያውቁት አስመጪ ነው፤ ዋጋ የሚቆርጡትም እሳቸው ናቸው። አልፈልግም ያለ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

ሾፌሯ ደግሞ የሾፌር ልጅ ናት። "መለዋወጫህንና የትዳር ጓደኛህን ሰው አይግዛልህ" የሚል አባት ነው ያሳደጋት። ሱቅ ለሱቅ ዞራ፣ ካርቶን አስከፍታ፣ ዕቃውን በጥፍሯ ፈቅፍቃ፣ አሽትታ ነው የምትገዛው። መጀመሪያ የመጣች ቀን የውሃ ፓምፕ በፌስታል አንጠልጥላ ነበር።

"ምንድነው ይሄ?" አሉ ቀይ መብራት።

"የውሃ ፓምፕ።"

"እሱማ ይታየኛል። እኔ ጋ ምን ይሠራል?"

"እንድትገጥሙልኝ ነዋ።"

"ምግብ ቤት ገብተሽ፣ ሥጋ ከቤቴ አምጥቻለሁ ጥበሱልኝ ትያለሽ?"

"ሥጋቸው ካላማረኝ እላለሁ።"

የተጨራመተ በርና ኮፈን የሚያቀናው ሽማግሌ፣ ቀጥቃጩ፣ ከአንድ የተነቀለ በር ጀርባ ሳቁ አመለጠው። ሾፌሯ ከነፌስታሏ ተባረረች። በሩን ልትወጣ ስትል ግን አንድ ቱታ የለበሰ ልጅ ጎማ የሚያንከባልል መስሎ አጠገቧ ደረሰ።

"በምሳ ሰዓት ነይ" አላት ወደ ጎማው እያየ። "እናቴ ቤት ሄዳ ነው የምትበላው።"

የባለጋራዧ አንድ ልጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ የምሳ ሰዓት ሆነ። እሷ ዕቃ ትገዛለች፣ እሱ ይገጥማል። ዕቃ ሲያልቅ ሰበብ ትገዛለች። ደህና የሚሠራ የመስታወት መጥረጊያ ቀይራለች፣ ደህና የሚበራ አምፖል ቀይራለች። መኪናዋ እንዲህ ያለ እንክብካቤ አግኝታ አታውቅም። የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ታቀብለዋለች፤ እያቀበለች ሥራውን ለመደችው። "ከኔ በላይ ሆነሻል እኮ" ይላታል። ዳቦ በቱታው ኪስ ይዞ ይመጣና ለሁለት ይገምሰዋል፤ ትልቁን ለሷ። ዘይት ዘይት የሚል ዳቦ። ወደደችው።

ቀለሙም ከዚያው ነው የመጣው። መካኒኮች ቡሎን አጥብቀው ሲጨርሱ ጫፉ ላይ የቀለም ጭረት ያደርጋሉ። "ይህን አጥብቄዋለሁ፣ ጨርሻለሁ" ማለት ነው። ጭረት የሌለው ቡሎን እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ሁሉም የየራሱ ቀለም አለው፤ የሱ ቢጫ ነበር። አንድ ቀን ቢጫው ደርቆበት ሲፈልግ ከቦርሳዋ የጥፍር ቀለሟን አውጥታ ሰጠችው። ሮዝ።

"ትቀልጃለሽ?"

"ሳህን ሳጥብ እንኳን አይለቅም። ቀባው።"

ቀባው። ወደደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራውን መኪና ሁሉ በሮዝ መቀባት ጀመረ። ጋራዡ በሳቅ ሞተ። ስሙንም "ሮዝ" አሉት። "ሮዝ፣ ጥፍርህ አድጓል?" "ሮዝ፣ ከንፈራችንንስ?" እሱ ግድም አልሰጠው። "ይሳቁ" ነው ያለው። በከተማው የሚዞር ስንት መኪና በሆዱ የእሷን ጥፍር ይዞ ይዞራል። ይህን ስታስብ መንገድ ላይ ብቻዋን ትስቃለች።

መጨረሻ ያመጣችው የፍሬን ሸራ ነበር። የፊት ጎማዎቹን አውልቆ፣ አሮጌውን አንስቶ አዲሱን አስገብቶ፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጥብቆ ቀባ። የመጨረሻውን በጣቱ አዙሮ አስያዘ። ቁልፉን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ እሷ አላስችል አላት።

"ለእናትህ መቼ ነው የምትነግራቸው?"

ቀና አለ። አያት። ዓይኗን እንዲያ አይቶት አያውቅም፤ ወይ ደግሞ እንዲያ አሳይታው አታውቅም።

"እሑድ" አለ።

"ስንተኛው እሑድ?"

"የሚመጣው።"

"ሙት በል።"

"ልሙት!"

"የአስመጪው ልጅስ? ለሷ እኮ ነው የሚያስቡህ።"

"እናቴ ትውሰዳታ!"

ሳቁ። ሳጥኑ ላይ እጇን ይዞ ሳቀ። ወዲያው የእናቱ መኪና ጥሩምባ በሩ ላይ አምባረቀ፤ ያን ቀን ምሳ ቶሎ በልተዋል። ጎማውን እንዴት መልሶ እንዳሰረው፣ እሷስ በኋላ በር እንዴት እንደወጣች እንጃ። ልቧ እየዘለለ ነው የነዳችው።

እሑድ መጣ። "እንግዳ መጣብን፣ በሌላ ቀን" የሚል መልእክት ስልኳ ላይ ገባ። እሷም አመነች። ምን ታድርግ፣ የወደደ ሰው ጆሮው ሞኝ ነው።

* * *

ሮዝ አልሮጠም።

ከአንድ ፒካፕ ኮፈን ስር ቀና ብሎ መኪናዋን አየ። አሸዋውን አየ። እሷን አየ። ዓይኑ ግን እሷ ላይ አላረፈም፤ አልፏት ወደ ቢሮው በር ሄደ። እሷም ዞራ ወደዚያው አየች። ቀይ መብራት ቆመዋል።

ቀጥ አለ ሁሉም ነገር። ቀጥቃጩ እንኳን መዶሻውን አየር ላይ አስቀረው።

"ማናት ይህቺ?"

"ፍሬን እምቢ ብሏት ነው እትዬ" አለ ከገፉት አንዱ። "እግዜር አተረፋት።" ገፊዎቹ ምስጋናቸውን ተቀብለው ወጡ።

ቀይ መብራት ቀረብ ብለው አስተዋሉ። "አንቺን የማውቅሽ መሰለኝ። የሥጋዋ ልጅ አይደለሽም?"

"ነኝ።"

"እና ማን ሠራው ፍሬኑን?"

ሾፌሯ መልሱን ታውቃለች፣ ግን ከሷ አፍ እንዲወጣ አልፈለገችም። ወደ ሮዝ አየች። ይኸው፣ እሑድህ መጣ፣ አለችው በዓይኗ። በል።

እናቷ ግን የመኪናውን በር ይዛ ወረደች። "እዚሁ ነው ያሠራሁት ብላኛለች እህቴ።"

"እዚህ? እዚህማ ሰው ይዞት የመጣ ዕቃ አይነካም፤ በር ላይ ተጽፏል። አንድ ሰው ይህን ዕቃ ገጥሞ ከሆነ ዛሬውኑ ቱታውን አውልቆ ይሄዳል። ልጄም ቢሆን!" ዞሩ። "ማን ነው የነካት?"

ሠራተኞቹ የየያዙትን ዕቃ አዩ።

"አንተስ?"

ሮዝ እጁን በጨርቅ ጠረገ። የጸዳውን እጅ ደግሞ ጠረገ።

"አላውቃትም" አለ።

"ሴትየዋን ነው መኪናዋን?"

"ሁለቱንም።"

ሾፌሯ የሰማችውን አላመነችም። የሆነ ቀልድ መስሏት የሳቁን ጫፍ ጠበቀች። አልመጣም።

"ሮዝ" አለችው። ስሙን ብቻ።

"እርስዎ ከሌላ ጋራዥ ጋር ተምታቶብዎት ይሆናል" አላት።

እርስዎ! ከአንድ ዳቦ ላይ የገመሰላት ሰው እርስዎ አላት። ክው አለች። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ስድብ እንኳን የሚያውቁትን ሰው ነው።

"ጎማው ይፈታና ይታይ እንጂ፣ ወሬ ምን ያደርጋል?" አለ ቀጥቃጩ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ክሪክ አምጥቶ መኪናዋን አነሳት፣ ጎማውን ፈታ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

የፍሬኑ ብረት በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል። የታችኛው ቡሎን የለም፤ ወልቆ ወድቋል። የላይኛው አለ። ጫፉ ላይ ሮዝ ጭረት። ቀጥቃጩ ዝም ብሎ ዞሮ ሁለተኛውንም ጎማ ፈታ። ሁለቱም ቡሎን አለ፤ ሮዝ፣ ሮዝ።

እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ አየ። ያን ቀለም የማያውቅ አልነበረም። ሲስቁበት የከረሙት ቀለም ነው። አሁን ማንም አልሳቀም። ቀጥቃጩ "ይሄማ የ..." ብሎ ጀመረ፣ ቀይ መብራት አዩት፣ ቀሪውን ዋጠው።

እሳቸውም አወቁ። ፊታቸው ላይ ለቅጽበት የሆነ ነገር መጥቶ ሄደ። እናት ናቸው። ከዚያ አገጫቸውን አነሱ።

"ሮዝ ቀለም በየሱቁ ይሸጣል" አሉ።

ዓይናቸው የሾፌሯ እጅ ላይ ወደቀ። በሩን ይዛ ነበር፤ ሮዝ ጥፍሯ በደንብ ይታያል።

"እጅሽን አሳዪኝማ።"

አልደበቀችውም። ለምን ትደብቃለች?

"ይኸው! ራሷ ቀብታው ነው የመጣችው። ርካሽ ዕቃ ገዝታ፣ የትም አስገጥማ፣ ሲበላሽባት እኛ ላይ ልትለጥፍ። የልጄን ቀለም ያየች ሰው ናት እንጂ!" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አይደል? ራሷ አይደለች የቀባችው?"

ሮዝ ጥፍሯን አየ። የግራ እጇን አውራ ጣት በቀደም የቀባላት ራሱ ነው። እንደ ቡሎን ይዞት፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ "ጠብቋል፣ ጨርሻለሁ" ብሎ። ከጠርዙ ወጣ ያለው ቀለም አሁንም አለ። አየው። ማየቱን አየች።

ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ሊናገር መሰላት። ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል። ግን አንዴ ጀምሯል፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ።

"ሳትሆን አትቀርም" አለ።

"ተመልከቺ አንቺ ልጅ" አሉ ቀይ መብራት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ አሁን ሊያዝኑላት ጀምረዋል። "ይህ ልጅ ባለፈው እሑድ ቀለበት ያሰረ ልጅ ነው። ስሙን በከንቱ አታጥፊብኝ።"

እሑድ።

እንግዳ መጣብን።

ሾፌሯ በሩን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። አንድ እንባ መጣ፤ ተመለስ አለችው፣ ተመለሰ። ምን አደከመኝ ብላ ዓይኗን ከሰው ሁሉ አነሳች፤ የሚያሳርፈው ቦታ አጥቶ ባዶው የቡሎን ቀዳዳ ላይ አረፈ። ከቀዳዳው ጋር ተፋጠጡ።

ያኔ ነው ያስታወሰችው። ሳጥኑ። በጣቱ ያስያዘው የመጨረሻው ቡሎን። ቁልፉን ሊያነሳ የተዘረጋው እጅ። "ለእናትህ መቼ ነው የምትነግራቸው?" ቀና ያለው ዓይን።

ቁልፉን ያኔ አላነሳውም። ያችን ቡሎን አላጠበቃትም። አልቀባትምም። ያን ቀን ልቧን ይዛ ስትነዳ፣ እሷን የያዘው በጣት የዞረ ቡሎን ነበር።

"እኔ ልጄን..." አለች እናቷ በድንገት። ድምፅዋ አልጮኸም። "እኔ ልጄን ቀለም ቀብታ ሰው ላይ እንድትለጥፍ አላሳደግኳትም እህቴ። እርስዎም ልጅዎን እንዲህ አላሳደጉትም ነበር። ዛሬ አሳደጉት።"

ቀይ መብራት ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። 

"ተዪ እማዬ" አለች ሾፌሯ። "እሳቸው ልክ ናቸው። ቀለሙ የኔ ነው፣ አልክድም።" ሮዝን አየችው፤ ከዚያ ቀዳዳውን። "ያልተቀባው ግን የሱ ነው።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እሱን ይጠይቁት።"

መጠየቅ አላስፈለገም። ፊቱ አመድ ሆኗል። ቀዳዳውን አይቶ ያችን ምሳ ሰዓት አስታውሷታል። ሁለቱ ብቻ ነበሩ የሚያውቋት፤ ያኔም ሁለት፣ አሁንም ሁለት። ከዚህ በላይ የሚያፋቅር ነገር አልነበራቸውም፤ ከዚህ በላይ የሚያለያይም አልመጣባቸውም።

* * *

"እሺ በቃ፣ ለነፍሴ ብዬ..." አሉ ቀይ መብራት። "ዋሽቻለሁ በዪና ልጆቹ በኛ ዕቃ ይሥሩልሽ። ልጅ የምታመላልሺ ሰው ነሽ አሉ። ወላጆቹ ጋ ወሬው ከሚደርስብሽ።"

ይህ ነው የእጅ ጥምዘዛ! ሾፌሯ ገባት። እንጀራዋ በወላጆች እምነት ላይ የቆመ ነው። ከዚህ በር "ራሷ ባመጣችው ዕቃ ነው አሸዋ ውስጥ የገባችው" የሚል ወሬ ከወጣ፣ ነገ ጠዋት ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። እሱ "እኔ ነኝ የገጠምኩት" ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ የለም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች።

"አንድ ቡሎን ይሽጡልኝ" አለች።

"ምን?"

"ቡሎን። የጎደለውን። ራሴ እገጥመዋለሁ።"

"እኔ ጋራዥ ውስጥ?"

"በር ላይ የተጻፈው ዕቃ አታምጡ ነው። እጅ አታምጡ አይልም።"

ከወዲያ በኩል የሆነ ሳቅ ሳል ሆኖ ወጣ። ቀጥቃጩ ነው። ቀይ መብራት ሳይመልሱ እሱ ዕቃ ቤት ገብቶ ቡሎኑን ይዞ መጣ፤ እጇ ላይ ሲያደርግላት "እኔም አፍ ነበረኝ እህት ዓለም" አላት ቀስ ብሎ። "ይቅር በዪኝ።" ከዚያ ሸሽቶ ወደ ተነቀለው በር ሄደና የሌለ ጭርምት ይቀጠቅጥ ጀመር። ቀይ መብራት ሂሳቡን ተቀብለው ቢሮ ገቡ፤ በሩን ግን አልዘጉትም።

ሾፌሯ እጅጌዋን ሰብስባ ተንበረከከች። የተንጠለጠለውን ብረት መለሰች። ሸራውን አወጣች፣ አሸዋውን ጠረገች፣ አስገባች። የዘይት ቱቦውን በጣቷ እየዳበሰች ዳር እስከ ዳር አየች። ደህና ነው። ቡሎኑን አስያዘች፣ ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ ክብደቷን ጣለችበት። አንዴ። ደገመች። ሌሎቹንም ሞከረች። ከዚያ ካቻቢቴ አነሳችና የሮዙን ቀለም በጫፉ ፋቀችው። እውነትም በቀላሉ አይለቅም። ፋቀችው። ሮዙ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተላጠ መሬት ላይ ረገፈ።

የቱታው ጥላ አጠገቧ ወደቀ። ሌላ ሥራ እንደሚሠራ ሰው፣ ጎማ የሚያንከባልል መስሎ። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን።

"ሾፌሬ" አለ በሹክሹክታ። "ጠብቋል?"

ቀና አላለችም። "ሰው ሳያወራኝ ነው የገጠምኩት። አይስጉ።"

"እንዲህ አትበዪኝ። እርስዎ አትበዪኝ።"

"ደንበኛ አይደለሁ?"

"እናቴን ታውቂያታለሽ። ጋራዡን ትነጥቀኝ ነበር። የቀለበቱን ነገር ልነግርሽ ነበር፣ እሑድ ድንገት ሞልተው መጡ፣ ቀለበቱን እጄ ላይ አደረጉት፣ ምን ልበል? ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ማታ እደውልልሻለሁ፣ ሁሉንም አስረዳሻለሁ። እወድሻለሁ እኮ!"

"ጮክ ብለው ይበሉት።"

"ምን?"

"አሁን ያሉትን። ጮክ ብለው።"

የቢሮው በር ክፍት ነው። ሮዝ ወደ በሩ አየ። ጎማውን አንድ እርምጃ አንከባለለ፣ መልሶ አንከባለለው። ከፒካፑ ሬዲዮ ዘፈን አልቆ ሌላ ጀመረ። 

"ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ልጆች ነበሩ" አለች ሾፌሯ፣ ጎማዎቿን ወደ ቦታቸው እየመለሰች። "ትንሿ እኔ ጎን ነው የምትቀመጠው። ለእናቷ 'ፍሬኑን አስቀይሬያለሁ፣ አይዞሽ' ብያት ነበር። ሰውየውን አውቀዋለሁ ብያት።" የመጨረሻውን የጎማ ዳዶ አጠበቀች። "አላውቀውም ነበር።"

ተነሳች። ጉልበቷን አራገፈች። እጇ ጥቁር ዘይት ሆኗል፤ ሮዙ ከስሩ አይታይም። እሱ ግን የት እንዳለ ያውቃል። አውራ ጣቷን እያየ ቀረ።

* * *

እናቷ ገብታ ቀበቶዋን በግራ እጇ አሰረች። አልጠየቀችም።  ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ትጠርግ ጀመር። አውራ ጣቱ ጋ ስትደርስ፣ ከጠርዝ የወጣውን ቀለም አይታ ቀስ አለች።

"ይህን አንቺ አልቀባሽውም" አለች።

"አልቀባሁትም።"

"ገባኝ።" መሐረቡን አጠፈች። "በይ ንጂ። ለወላጆቹም እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ እጄን እያሳየሁ። ደግሞ እንደ አባትሽ እየነዳሽ አታፏጪ።"

አላፏጨችም። መኪናዋን አስነስታ በቀስታ ወደ በሩ ነዳች። በመስታወቱ ውስጥ ሮዝ ጎማውን ለቆት ሲከተላት አየች። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ። ቢሮውን አልፎ፣ ፒካፑን አልፎ፣ ጽሑፉ ያለበት በር አጠገብ ደረሰ።

ያኔ ፍሬኑን ረገጠችው። ከነሙሉ እግሯ።

መኪናዋ ቀጥ አለች። እናቷ ወደ ፊት ሄዳ ቀበቶው መለሳት። አቧራው ተነስቶ ተቀመጠ። ሮዝ ቆመ። ለሱ የቆመችለት መሰለው፤ ፊቱ በአንዴ በራ፣ እጁን አነሳ፣ አፉን ከፈተ። አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ።

እሷ መሪውን ይዛ ወደ ፊት እያየች ነበር። ያን ቃል ጮክ ብሎ የሚል ድምፅ ይመጣ እንደሆነ፣ አንዴ ብቻ፣ አዳመጠች። ከኋላዋ የቀጥቃጩ መዶሻ ብቻ ነበር የሚሰማው።

እግሯን ከፍሬኑ አነሳች። በሩን ወጣች።

"ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው?" አለች እናቷ።

"ፍሬኑን ስሞክር ነው" አለች። እናቷም አመነቻት።